ኬሞ ተጀምሮ እብጠቱ ካልጠፋ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «የ26 ዓመት ወንድሜ ሆጅኪን ሊምፎማ፣ ደረጃ 3 ተብሎ አዲስ አበባ ውስጥ ኤቢቪዲ የሚባለውን ኬሞ ጀምሯል። ሦስት ጊዜ ወስዷል፤ አራተኛው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ደረቱ ውስጥ 9 በ7 ሴንቲሜትር የነበረው እብጠት አሁን በሲቲ ስካን 5 በ4 ሆኗል። ቤተሰቡ ‹ለምን አልጠፋም?› ብሎ ተጨንቋል። ሐኪሙ ከአራተኛው በኋላ ውጭ አገር ሄዶ ፔት ሲቲ ቢነሣ ጥሩ ነው ብሎናል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ግን ፔት አልተነሣም። አሁን መነሣቱ ይጠቅማል? መቼ እንሂድ? ውጤቱንስ እንዴት እንረዳው?»

በመጀመሪያ ያስጨነቃችሁን ቁጥር እንየው። በሲቲ ስካን የሊምፎማ ምላሽ ሲለካ ረጅሙ ዲያሜትር ከሱ ጋር ቀጥ ብሎ በሚያቋርጠው አጭር ዲያሜትር ይባዛል። 9 በ7 ሲባዛ 63 ነው፤ 5 በ4 ደግሞ 20። ከ63 ወደ 20 ማለት 68 በመቶ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የሉጋኖ መመዘኛ እስከ ስድስት የሚደርሱ ትልልቅ ንፍፊቶች ተለክተው፣ ድምራቸው በ50 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀነሰ «ከፊል ምላሽ» ይለዋል። የአንገቱና የሌሎቹ ቦታዎች ንፍፊቶችም አብረው ከቀነሱና አዲስ ካልወጣ፣ ወንድምዎ በሦስት መርፌ ብቻ ከዚያ መስመር አልፏል። ይህ የሚያስደስት እንጂ የሚያስደነግጥ ውጤት አይደለም።

ታዲያ ለምን አልጠፋም? የሆጅኪን እብጠት ከሌሎች ካንሰሮች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ካንሰሩ ራሱ፣ ሪድ ስተርንበርግ የሚባሉት ሴሎች፣ ከእብጠቱ ውስጥ በጣም ጥቂት እጅ ናቸው። የቀረው እነሱ ጠርተው የሰበሰቧቸው ነጭ የደም ሴሎችና የጠባሳ ክር ነው። ኬሞው የካንሰሩን ሴሎች ሲገድል የተሰበሰቡት ይበተናሉ፣ ጠባሳው ግን ይቀራል። ብዙ የዳኑ ሰዎች ደረታቸው ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር የሆነ ጠባሳ ይዘው ዓመታት ይኖራሉ። ሲቲ ስካን ጉልቻውን ያያል፤ ፔት እሳቱን ያያል።

የፔት አሠራር እንዲህ ነው። ኤፍዲጂ የሚባል፣ ፍሎሪን 18 የተለጠፈበት የስኳር ዓይነት በደም ሥር ይሰጣል። በሕይወት ያለና ብዙ ስኳር የሚበላ ሴል ይህን ይስብና ያከማቻል፤ ማሽኑም የተከማቸበትን ቦታ ያሳያል። የስኳር አጠቃቀም የሚወድቀው እብጠቱ ከመሟሸሹ በፊት ስለሆነ፣ ገና ከሁለት ዙር፣ ማለትም ከአራት መርፌ፣ በኋላ መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን መናገር ይቻላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳዩ ሁለት ጥናቶችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጋላሚኒና ባልደረቦቹ ያወጡት ጥናት ኤቢቪዲ የወሰዱ 260 ሕሙማንን ተከታትሏል። ከሁለት ዙር በኋላ ፔታቸው ንጹሕ ከሆነው ውስጥ 95 በመቶው ከሁለት ዓመት በኋላም በሽታው አልተመለሰባቸውም ወይም አልባሰባቸውም፤ ፔታቸው ካበራባቸው ውስጥ ግን እንዲህ የሆነላቸው 12.8 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይህን ሁለተኛ ቁጥር ሲያነቡ አይደንግጡ፤ ፔታቸው ያበራባቸው እነዚያ ሕሙማን በአብዛኛው ያንኑ ኤቢቪዲ እንደቀጠሉ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ራትል የተባለው ትልቅ ሙከራ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ ለወንድምዎ በቀጥታ ይሠራል። ከ1,100 በላይ ሕሙማን ከሁለት ዙር ኤቢቪዲ በኋላ ፔት ተነሥተው 84 በመቶ ገደማው ንጹሕ ሆነ። ንጹሕ የሆነላቸው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ኤቢቪዲን ቀጠሉ፣ ግማሾቹ ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ከኤቢቪዲ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ብሊዮማይሲን ተነሥቶላቸው ኤቪዲ ብቻ ወሰዱ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሽታው ያልተመለሰባቸው 85.7 እና 84.4 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ብሊዮማይሲን ሳንባን የሚጎዳው መድኃኒት ነውና ከ12 መርፌ 8ቱን ያለሱ መውሰድ ትልቅ እፎይታ ነው። እንግዲህ ፔቱ ንጹሕ ቢሆን የሚገኘው ጥቅም የልብ እረፍት ብቻ ሳይሆን አንድ አደገኛ መድኃኒት መቀነስ ጭምር ነው። ለጉዞው ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ቀኑ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤቢቪዲ በየ14 ቀኑ ይሰጣል፤ ሁለት መርፌ አንድ ዙር ነው። ፔቱ የሚነሣው ከአራተኛው መርፌ በኋላ፣ ከአምስተኛው በፊት ነው፤ በተቻለ መጠን ወደ አምስተኛው ተጠግቶ። አራተኛው የተሰጠበትን ቀን ዜሮ ብለው ቢቆጥሩ፣ ከ11ኛው እስከ 13ኛው ቀን ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ከ10ኛው ቀን በፊት ከተነሣ በሚሞተው ሕብረ ሕዋስ ዙሪያ የሚፈጠረው የሰውነት ቁጣ (ብግነት) ራሱ ስኳር ይስባል፤ ያልኖረ ካንሰር ይታያል። በተቃራኒው ሦስት አራት ሳምንት ቆይቶ ለመነሣት ሲባል አምስተኛው መርፌ ከዘገየ፣ ያ መዘግየት ራሱ ጉዳት ነው። ኤቢቪዲ በቀኑ መሰጠቱ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል። ስለዚህ ቪዛ፣ ቀጠሮና ትኬት አራተኛው መርፌ ከመሰጠቱ በፊት ያልቁ፤ በ9ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ሄዶ፣ ተነሥቶ፣ በ14ኛው ቀን አዲስ አበባ አልጋው ላይ እንዲገኝ። ሪፖርቱ ካልደረሰ አምስተኛውን በቀኑ ወስዶ ውሳኔውን ለስድስተኛው ማቆየት ይሻላል፤ ይህን ከሐኪሙ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙበት። በጉዞ ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ የፔት ቀጠሮ ይረሳና በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ይሂድ። በዚያ ሰሞን ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ ያለ ነው።

ነጭ የደም ሴል የሚያበዛውን መርፌ፣ ፊልግራስቲምን፣ ወስዶ ከሆነም ቀኑ ይመዝገብ። መርፌው መቅኔንና ጣፊያን በሙሉ ያበራቸዋል። ከመጨረሻው ፊልግራስቲም በኋላ ሁለት ሳምንት ቢያልፍ ይመረጣል፤ ኤቢቪዲ የሚሰጡ ብዙ ሐኪሞችም ያለ በቂ ምክንያት አይሰጡትም።

የመጀመሪያው ፔት አለመኖሩ ጉድለት ነው፤ ነገሩን ግን ከንቱ አያደርገውም። ሆጅኪን ሊምፎማ ሳይታከም ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ በፔት ያበራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሲቲ ስካን እብጠት የነበረበት ቦታ ሁሉ ያበራ ነበር ብሎ መነሣት ይቻላል። የሚጠፋው ሌላ ነገር ነው፦ መቅኔ ወይም አጥንት ውስጥ ሲቲ ያላየው በሽታ ነበረ ወይ የሚለው፣ እንዲሁም ብርሃኑ በስንት በመቶ ቀነሰ የሚለው ስሌት። ስለዚህ የመጀመሪያው ሲቲ ስካን በግድ አብሮ መሄድ አለበት። ታትሞ የሚሰጠው ፊልም ወይም በስልክ የተነሣ ፎቶ አይጠቅምም፤ ከሆስፒታሉ በሲዲ ወይም በፍላሽ ዳይኮም የሚባለውን ዋናውን ፋይል ይጠይቁ። የፓቶሎጂ ሪፖርቱና እያንዳንዱ ኬሞ የተሰጠበት ቀንም አብሮ ይሂድ።

ለዕለቱ ዝግጅት። ከኤፍዲጂ መርፌው በፊት ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ብዙ ማዕከሎች 6 ሰዓት፣ ምግብ የለም። ውኃ ግን በደንብ ይጠጣ። በዋዜማው እራት እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ጣፋጭና ጭማቂ ቀርተው እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጎመን ይብላ፤ ጾም ላይ ከሆነ ጎመን፣ አቮካዶና ለውዝ ይበቃዋል። የደም ስኳሩ ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ ብዙ ማዕከሎች ቀጠሮውን ያዛውራሉ። የስኳር በሽታ ባይኖርበትም ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ ከሰሞኑ ወስዶ ከሆነ ለቴክኒሺያኑ ይንገር። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው አንጀቱ በሙሉ ስለሚበራ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ ከ48 ሰዓት በፊት ያቆማል፤ ፈጣን ኢንሱሊን የወሰደ ደግሞ ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠብቃል። ግሉኮስ ያለበት ከረጢት በዚያ ጠዋት በፍጹም አይሰቀልለት፤ አስፈላጊ ከሆነ ኖርማል ሳላይን ብቻ። በዋዜማው ሩጫና ሸክም የለም፤ ጡንቻው ይበራል። ማስቲካም ሆነ ጫት ማኘክ የመንጋጋን ጡንቻ ያበራና የአንገት ንፍፊቶችን ለማንበብ ያስቸግራል።

ብርድን አይናቁት። ወጣት ሰው ሲበርደው አንገቱ ላይና ከትከሻ ወደ ደረት ከሚሄደው አጥንት በላይ ያለው ቡናማ ስብ ሙቀት ለማምረት ስኳር ይበላል፤ ይህ ደግሞ የሆጅኪን ንፍፊት የሚወጣበት ቦታ ነው። የምርመራ ክፍሎች በአየር ማቀዝቀዣ የቀዘቀዙ ናቸው። ጋቢ ይዞ ይሂድ፤ ከመርፌው አንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ዝም ብሎ 60 ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ወሬ፣ ስልክ፣ መራመድ አይበዛ። ከመነሣቱ በፊት ይሽና። ኤፍዲጂው በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ከ6 ሰዓት በኋላ የቀረው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ እርጉዝ ሴትና ሕፃን አቅፎ አይቀመጥ። መርፌው የሚሰጥበት ክንድ ብብቱ ላይ በሽታ ከነበረበት ወገን በተቃራኒ ይሁን፤ ከደም ሥር ከፈሰሰ በዚያው ወገን ብብት ውስጥ ያለ ጤነኛ ንፍፊት ያበራል።

አሁን ወደ ውጤቱ። ሪፖርቱ ላይ የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፣ ዶቪል ነጥብ። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ2009 ባለሙያዎቹ ከተሰበሰቡባት የፈረንሳይ ከተማ የመጣ ነው። የቀረውን እብጠት ብርሃን ከራሱ ከታማሚው ሁለት ቦታዎች ጋር ያወዳድራል፦ በደረት መካከል ባሉት ትልልቅ የደም ሥሮች ውስጥ ካለው ደምና ከጉበቱ ጋር። 1 ማለት ከአካባቢው የተለየ ብርሃን የለም፤ 2 ከደሙ እኩል ወይም በታች፤ 3 ከደሙ በላይ፣ ከጉበቱ እኩል ወይም በታች፤ 4 ከጉበቱ መጠነኛ በላይ፤ 5 ከጉበቱ እጅግ በላይ፣ ወይም አዲስ በሽታ የሚመስል ቦታ ታይቷል። ለምሳሌ የደሙ ኤስዩቪ (የብርሃኑ መጠን የሚገለጽበት ቁጥር) 1.9፣ የጉበቱ 2.8 ቢሆንና የደረቱ እብጠት 2.3 ቢያሳይ ነጥቡ 3 ነው፤ 3.6 ቢያሳይ 4፤ 9 ቢያሳይ 5። በ4 እና በ5 መካከል ያለውን ወሰን አንዳንዱ የጉበቱ ሁለት እጥፍ፣ ሌላው ሦስት እጥፍ ያደርገዋል።

ስለዚህ «ኤስዩቪ 2.3 አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብቻውን ምንም አይናገርም። የአንድ ማሽን 2.3 የሌላው 3.5 ሊሆን ይችላል፤ በተለይ አዳዲሶቹ ማሽኖች የትንንሽ ቦታዎችን ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። ጉበቱም የተለካበት አኳኋን ለውጥ ያመጣል። 3 እና 4 መካከል ያለ ሪፖርት ደግሞ ሁለት አንባቢዎችን የሚያለያይ ነው፤ ትልቅ ውሳኔ የሚያስከትል ከሆነ ዳይኮሙን ሌላ የኑክሌር ሕክምና ሐኪም እንዲያነበው ማድረግ ተገቢ ነው።

3 ንጹሕ ነው ወይስ አይደለም? የሚወሰነው በእጅ ባለው ጥያቄ ነው። በራትል ከ1 እስከ 3 ያለው ንጹሕ ተብሎ ብሊዮማይሲን ተነሥቷል፤ ለወንድምዎ የሚሠራው ይህ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆጅኪን ላይ ጨረር ይቅር ወይ ብሎ የጠየቀው የእንግሊዙ ራፒድ ሙከራ ግን ንጹሕ ያለው 1 እና 2ን ብቻ ነበር። ሕክምና ሊቀነስ ሲታሰብ ጥብቅ መሆን ይመረጣልና። ስለዚህ ሪፖርቱ «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» ብሎ ብቻ እንዳያልፍ ነጥቡን በቁጥር እንዲጽፉ ይጠይቁ። ከሱ ጋር ከመጨረሻው ኬሞ ያለፈው ቀን፣ የደም ስኳሩ፣ የተሰጠው ኤፍዲጂ በሜጋቤክሬል፣ ከመርፌው እስከ ምርመራው የነበረው ደቂቃ፣ የደሙና የጉበቱ ኤስዩቪ ይጻፍ። እነዚህ ከሌሉ ከስድስት ወር በኋላ የሚነሣውን ከአሁኑ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ነጥቡ 4 ወይም 5 ቢሆን፣ ሕክምናው ከመቀየሩ በፊት መጠየቅ ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከሁሉ በፊት ቲቢ። በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው፤ ኬሞ ደግሞ የተኛውን ይቀሰቅሳል። የቲቢ ንፍፊት በፔት ልክ እንደ ሊምፎማ ያበራል፤ በማየት ብቻ መለየት አይቻልም። ፍንጩ ይህ ነው፦ የነበሩት እብጠቶች ሁሉ ጠፍተው ወይም ደብዝዘው፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ አንድ ንፍፊት ወይም የሳንባ ቦታ ብቻውን ቢያበራ፣ ኬሞ የማይበግረው ሊምፎማ ከሚሆን ይልቅ ኢንፌክሽን የመሆን ዕድሉ ያመዝናል። እንዲህ ያለው ቦታ ናሙና ይወሰድለት፤ ናሙናውም ለፓቶሎጂ ብቻ ሳይሆን ጂን ኤክስፐርት ለሚባለው የቲቢ ምርመራም ይላክ። ሁለቱም ሳንባ በስፋት በመጠኑ ካበራና ደረቅ ሳል ካለ ብሊዮማይሲን ይጠርጠር፤ ይህ የፔት ነጥብ ጉዳይ ሳይሆን መድኃኒቱን ወዲያው የማቆም ጉዳይ ነው። መቅኔው በሙሉ እኩል ካበራ በአብዛኛው ከኬሞ የማገገም ምልክት ነው፤ በአንድ ቦታ ተለይቶ ካበራ ግን ሌላ ነው። በወጣቶች ላይ ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ እንደገና አብጦ፣ የተገለበጠ የቪ ፊደል መስሎ ሊያበራ ይችላል፤ ይህ የሚበዛው ግን ኬሞ ካለቀ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ክትባት ከወሰደ በዚያው ክንድ ብብት ያሉ ንፍፊቶችም ያበራሉ።

እነዚህ ሁሉ ታይተው በነበረበት ቦታ 4 ወይም 5 ከቀጠለ ኤቢቪዲን በዚያው መቀጠል ጥሩ ምርጫ አይደለም። በራትል እንዲህ የሆኑት ቢኮፕ ወደሚባለው ጠንካራ ኬሞ ተዛውረው ከሦስት ዓመት በኋላ 67.5 በመቶው በሽታው አልተመለሰባቸውም ነበር። ቢኮፕ ከባድ ነው፤ ለታማሚው ደም መስጠትንና ኢንፌክሽንን በቅርብ መከታተልን ይጠይቃል፣ ልጅ የመውለድ አቅምንም ይጎዳል። ወንድምዎ ገና 26 ነውና የዘር ፈሳሽ ስለማስቀመጥ ያ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይጠየቅ። ነጥቡ 5 ሆኖ ቦታው በመርፌ የሚደረስ ከሆነ፣ ያን ያህል ከባድ ነገር ከመጀመሩ በፊት ናሙና መውሰድ የሚያስቆጭ አይደለም።

ንጹሕ ቢሆንስ? ሕክምናው አላለቀም። ንጹሕ ፔት ማለት ማሽኑ ሊያየው የሚችለው የካንሰር መጠን የለም ማለት ነው፤ ለማየት የማይበቁ ሴሎች ሊኖሩ ይችላሉ። እነዚያ ቁጥሮች ሁሉ የተገኙት ስድስቱንም ዙር ከጨረሱ ሰዎች ነው። ጸበልም ሆነ ሌላ እምነቱ የሚያዘውን እያደረገ ኬሞውን በቀኑ ይጨርስ። «ጠፍቷል» ተብሎ በመሐል መተው ሊድን የሚችልን ልጅ የሚያሳጣ ውሳኔ ነው።

ጉዞው ካልተሳካ፣ ገንዘቡ ከጎደለ ወይም ቀኑ ካመለጠ ራሳችሁን አትውቀሱ። ኤቢቪዲ ከፔት በፊትም ብዙ ሰው አድኗል። ያን ጊዜ የሳንባውን ሁኔታ በሳልና በትንፋሽ እየተከታተሉ፣ በሲቲ ስካን መቀነሱን እያረጋገጡ ስድስቱን ዙር መጨረስ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለመነሣት የሚበቃ ገንዘብ ካለና የአሁኑ ቀን ካለፈ፣ ለመጨረሻው ይቀመጥ፦ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ፣ ጨረር ከተሰጠ ደግሞ ቢያንስ 3 ወር ቆይቶ።

ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው ዘመዱ ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ይዞት አርቾፕ የሚባለውን ኬሞ እየወሰደ ከሆነ፣ ከላይ ያለው ሁሉ እንዳለ አይገለበጥም። እዚያ በመሐል ያበራ ፔት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ፔታል የተባለው የጀርመን ሙከራ ከሁለት ዙር በኋላ ብርሃኑ በ66 በመቶ ያልቀነሰላቸውን ወደ ከባድ ኬሞ ቢያዛውርም ውጤታቸው አልተሻሻለም። በዚያ በሽታ የመጀመሪያው ፔት ከሌለ ይህ የመቀነስ ስሌት ጨርሶ አይሠራምና፣ የመሐሉን ትቶ ገንዘቡን ለመጨረሻው ምርመራ ማቆየት ነው የምመክረው።